ክብ አዳራሻችንን ሳያዩ ላረፉት አርክቴክት ኪዳኑ ይኸነው

ከ«ውሎ» የቀርከሃ ሠሪ ሴቶች ማኅበር፣ እንጅባራ

የሥራ አዳራሻችንን የነደፉልን አርክቴክት ኪዳኑ ይኸነው ታመው ቆይተው ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ46 ዓመታቸው አርፈዋል። የማኅበራችን ሐዘን ከባድ ነው። ጣሪያው ሊመታ ሳምንታት ሲቀሩት መለየታቸው ደግሞ ቆጭቶናል።

አርክቴክት ኪዳኑ በግምጃ ቤት ከተማ ተወልደው አድገዋል። በኮምፒውተር ሕንፃ መንደፍ ተምረው ወደ እንጅባራ ተመልሰው አሥራ አንድ ዓመት አገልግለዋል።

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጥያቄያችንን ተቀብለው መጡ። እኛ እንግዳ መጣ ብለን፣ ስንጥሩን ሰብስበን፣ ቤቱን ጠርገን፣ እንደ ስብሰባ በመደዳ ተቀምጠን ጠበቅናቸው። አቀማመጣችንን መዝግበው ለኮምፒውተሩ ሰጡት። እሱም የተሰጠውን አምኖ ባለ መደዳ አዳራሽ አወጣ፤ ብርሃኑ የተለካ፣ አንድ ስንዝር የማይባክንበት። ሁላችንም አመሰገንን።

የካቲት ላይ ንድፉ ሊጸድቅ ሲል አባላችን ወይዘሮ ውዴ ፀጋው «እንዳይቀየሙኝ እንጂ የኔ ጌታ፣ እኛ እንዲህ ተቀምጠን አንድም ቀን ሠርተን አናውቅም» አሏቸው። እውነት ነው፤ ረጅሙን ቀርከሃ ስንሰነጥቅ አንዷ ጫፉን ይዛ ሌላዋ ትስባለች፤ ስንጎነጉንም ፊት ለፊት ተያይተን፣ እየተጨዋወትን ነው። አርክቴክት ኪዳኑ ከልባቸው ሳቁ። «ታዲያ አራት ወር ሙሉ ማንን ስስል ከረምኩ?» ብለው ንድፉን ሰረዙት። ከዚያ ወዲህ ሳይነግሩን ይመጡ ነበር፤ ጫፍ ይዘውልን ይውላሉ።

በ2017 ዓ.ም. ክቡን ንድፍ አስረከቡን። ስክሪኑ ላይ አሥራ ሁለታችንም በየቦታችን አለን፤ ወይዘሮ ውዴ እግራቸውን ዘርግተው። በሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ደግሞ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ተቀምጧል። ማን እንደሆነ ስንጠይቃቸው «ዝናብ ያስጠለለው መንገደኛ ነው» አሉን። ባርኔጣው የራሳቸው መሆኑን ያልለየ አልነበረም።

ካረፉ በኋላ መደቡ ቀርቶ የዕቃ ማስቀመጫ ይሁን የሚል ሐሳብ ከሥራ ተቋራጩ ቀርቦልናል። ጠቅላላ ጉባኤያችን ጥር 17 ቀን ተሰብስቦ፣ መደቡ በተሳለበት ቦታ እንዲሠራና ዕቃ እንዳይቀመጥበት በአንድ ድምፅ ወስኗል።

ለእናታቸው ለወይዘሮ እንቁ፣ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ምሕረት፣ ለልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ እግዚአብሔር መጽናናቱን ይስጥልን።

አዳራሹ ካለቀ በኋላ በእንጅባራ ስታልፉ ዝናብ ከያዛችሁ ገብታችሁ መደቡ ላይ አረፍ በሉ፤ ለእናንተ የተሳለ ነው። እኛ ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር ከሥራችን ቀና ብለን ወደ በሩ ማየታችን አይቀርም።