የጥበቃዎችዎ ልብስና የእናቴ በር

ለክቡር የአፓርትመንታችን ማኔጀር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ የቤተሰብዎን ሰላም፣ የቢሮዎንም ኤር ኮንዲሽነር ደህንነት አጥብቄ እመኛለሁ። ስምረት እባላለሁ፤ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው የአሜሪካ ሰፈር በሚገኘው ሕንፃዎ ከእናቴ ከወይዘሮ ፈትለወርቅ ጋር የምኖር ተከራይዎ ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ቢሮዎ መምጣት ስለምፈራ ነው፤ በሩ ላይ ጥበቃዎችዎ ቆመዋል።

፩ኛ/ ለጥበቃዎቹ ስለገዙላቸው አዲስ ልብስ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ጥይት የማይበሳው ጥቁር ሰደርያ፣ ፊት የሚሸፍን ጭንብል፣ ወገብ ላይ ካቴና! ፓርኪንግ ለሚቆጣጠሩ ሰዎች ይህ ሁሉ ማስፈለጉ መኪኖቻችን ምን ያህል አደገኛ እንደሆኑ አስተምሮናል። ከእኛ በላይ የሚኖሩት ቻይናዊው ሚስተር ሊን እንዳጫወቱኝ፣ በአገራቸው ስለ ትልቅ ሹም ሲነገር «ሰማያዊ አንጠልጥሎ ሐምራዊ ይጎትታል» ይባላል። የጥንት ሹማምንት ማኅተማቸውን በሁለቱ ቀለማት ጥብጣብ ወገባቸው ላይ ያስሩ ስለነበር፣ ሕዝቡ ለማን እንደሚሰግድ ወገብ አይቶ ይለይ ነበር አሉ። እኛም በእርስዎ ቸርነት ወገብ ማየት ለምደናል።

፪ኛ/ በሐምሌ ወር አንዱ ጥበቃዎ በራችንን በቡጢ ደበደበ። የመጣው መስመር ረግጣ የቆመች መኪና የማን እንደሆነች ሊጠይቅ ነበር። እናቴ ግን በበሩ ቀዳዳ ያየችው ጭንብሉን ነው። በደርግ ጊዜ ወንድሟን ለገሠን ቀበሌ «ለጥያቄ» ብሎ ሲወስደው በሸሚዝ ብቻ ወጣ፤ አልተመለሰም። በርዶት ይሆናል የሚለው ሐሳብ እስካሁን ያንገበግባታል። ስለዚህ በዚያ ሙቀት ሦስት ቀሚስ ደራርባ፣ ሹራብ ጨምራ፣ ግሪን ካርዷን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሚወስዷትን የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ስትጠብቅ ከሥራ ስገባ አገኘኋት። ላቧ ይንቆረቆራል። እኔንም ልብስ ደርቢ አለችኝ።

እውነቱን ልንገርዎ፤ ደረብኩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ፤ እኔ ግን ልጡን ከእባቡ መለየት አቅቶኛል። ፊቱን የሸፈነ ሰው ኮሪደሩ ላይ ሳይ የእርስዎ ጥበቃ ይሁን የኢሚግሬሽን ፖሊስ ሳላጣራ ወደ ደረጃው እመለሳለሁ።

፫ኛ/ ከዚያ ወዲህ እናቴ ለማንም በር አትከፍትም፤ ደም ግፊቷን ልትለካ ለምትመጣው ነርስ እንኳ። እባክዎ፣ ጥበቃዎችዎ ሲያንኳኩ ጭንብላቸውን አውልቀው ስማቸውን ይናገሩ። ክብራቸው የሚቀንስ ከመሰለዎ፣ ሐምራዊውን ጥብጣብ እኔ እገዛላቸዋለሁ።

ስለ ደህንነታችን ለሚደክሙት ድካም ፈጣሪ ዋጋዎን እንዲከፍልዎ እየተመኘሁ፣ ሁለት ጊዜ ከተቆለፈ በር ጀርባ ሆኜ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

ስምረት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ማክሰኞ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ የእሳት ማንቂያው ሲጮህ ከእናቴ በቀር ተከራዩ ሁሉ ወጣ። የእሳት አደጋ ሠራተኛው ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ፊቱን ሸፍኖ በራችንን ደጋግሞ አንኳኳ። እናቴ ትንፋሿን ውጣ አልጋ ሥር ተኛች። ጭሱ የጎረቤት ያረረ ሽንኩርት ሆኖ ተረፈች። እውነተኛ እሳት የተነሳ ቀንም አትከፍትም።