«በሩን አትዝጉ»፦ የመምህር ይድነቃቸው ጓንጉል የሕይወት ታሪክ

መምህር ይድነቃቸው ጓንጉል ከአባታቸው ከአቶ ጓንጉል ደስታና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስካለ በዛብህ፣ ሐምሌ 11 ቀን 1949 ዓ.ም. አዲስ ከተማ፣ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተወለዱ። ቤቱ አንድ ክፍል ነበር፤ ስድስት ሰው ያድርበታል፤ አንድም መጽሐፍ አልነበረበትም።

እዚያው ሰፈር ተምረው በ1970 ዓ.ም. የአማርኛ መምህር ሆኑ። እስከ ጡረታቸው ድረስ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት፣ በአንድ ክፍል ሰባና ሰማንያ ተማሪ እያጨቁ፣ አንድ የጥንት አሳዛኝ ተውኔት አስተማሩ። ከተውኔቱ ዝነኛ ጥቅስ መርጠው ሰሌዳ ላይ ይጽፉና «ማን ተናገረው? ለማን? ያን ሰዓት ምን ያውቃል?» ይሉ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ያገቧቸው ወ/ሮ ፋንታዬ ሁለት ሴት ልጆች ወልደውላቸዋል፤ «አንተ ያገባኸው የፈተና ወረቀት ነው» እያሉም ይቀልዱባቸው ነበር።

በ1988 ዓ.ም. ለፈተና ያወጡት ጥቅስ «በሩን አትዝጉ፤ ልጄ ገና አልገባም» የሚል ነበር። በተውኔቱ ንጉሡ ይህን የሚለው የዘመተው ልጁ ፈረስ ብቻውን ሲመለስ አይቶ ነው። የመምህሩ መልስ፣ መርዶው ስላልደረሰው ንጉሡ የልጁን መሞት አያውቅም የሚል ነው። የበርበሬ በረንዳው ነጋዴ የአቶ ጠሃ ልጅ ሱንዱስ ግን «ያውቃል፤ መዝጋቱ ነው ያቃተው» ብላ ጻፈች። ከአምስት ዜሮ ሰጧት። ልትከራከር ብትመጣም «ከጥቅሱ ውጪ አትሂጂ» ብለው መለሷት።

ወ/ሮ ፋንታዬ በ2012 ዓ.ም. አረፉ። ከቀብር መልስ ለቀስተኛው ከተሸኘ በኋላ ልጃቸው ሙሉብርሃን በሩን ልትዘጋ ስትነሳ፣ መምህር ይድነቃቸው «ተዪው፣ እናትሽ አልገባችም» አሏት። የመቃብሯን አፈር በእጃቸው የመለሱት እሳቸው ነበሩ። ከዚያም «የ1988ን የውጤት መዝገቤን አምጪልኝ» አሏት።

ከዚያ በኋላ ሱንዱስን ፍለጋ ወጡ፤ ልባቸው ደክሞ ስለነበር ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስከ በርበሬ በረንዳ አራት ጊዜ አርፈው ሄዱ። እሷንም የአባቷን ሱቅ ይዛ አገኟት።

«ቲቸር! እዚህ አቧራ ውስጥ ምን ሊሠሩ መጡ? ያስነጥስዎታል!»

«ተሳስቼ ነበር። ዜሮው የእኔ ነው» አሏት።

በዚያ የፈተና ዓመት ወንድሟ ሰሚር ሞቶ፣ እናቷ ለወራት በር አላስዘጋ ብለው እንደነበር ያን ቀን ነገረቻቸው። «ምነው ያኔ ብትነግሪኝ?» ሲሏት፣ «ከጥቅሱ ውጪ አትሂጂ ብለውኝ!» አለች።

መምህር ይድነቃቸው ሕመማቸው ጸንቶ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ68 ዓመታቸው አረፉ። ሁለት ልጆችና ሦስት የልጅ ልጆች አሏቸው። እግዚአብሔር የደከመች ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ በሩንም ክፍት ያቆይላቸው።

በመዝገባቸው ላይ የሱንዱስ ጠሃ ዜሮ በቀይ ተሰርዞ አምስት ተጽፎበታል፤ ድምሯም ከ71 ወደ 76 ተስተካክሏል።