እንዲሰበር የተለጠፈ መስታወት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፦

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? እማዬስ እንዴት ናት፣ ምግብ ይበላላታል? ባለቤትሽስ ቆሞ እየዋለ የሚያብጠው እግሩ ተሻለው ወይስ አሁንም ለብ ባለ የጨው ውሃ ይዘፈዝፈዋል? ልጆቹስ ተጣልተው ታረቁ ወይስ ገና ናቸው? ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ሰላምታውን በሰማይ ኮከብና በባሕር አሸዋ ቁጥር ይልካል። እኔ ያልቆጠርኩትን ነገር እንደማልፈርም ታውቂያለሽና መጠኑን አልነግርሽም፤ ከልቤ መሆኑን ግን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። እኔ በአካል ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ "ድምፅሽ ምን ሆኗል?" ስትዪኝ ጉንፋን ነው ብዬ ዋሽቼሻለሁ። ጉንፋን አልነበረም። በሥራ ቦታ አንድ ነገር ገጥሞኝ ነው። በስልክ ከሆነ የሚያስመሰግነኝን ነግሬሽ የሚያሳፍረኝን እንደምውጠው ራሴን ስለማውቅ በወረቀት ይሻላል አልኩ። ከማጀት ወጥተሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

"እንደው ድልድይ ሥር ገብተሽ የምታዪው ምንድን ነው?" ትዪኝ የለ? ድልድዮችንና ከመንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፉ ቱቦዎችን እየዞርኩ ነው የማየው። ኮንክሪቱን በትንሽ መዶሻ አንኳኳለሁ፤ ደህናው ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ውስጡ የለቀቀው እንደ ባዶ ጣሳ ይጮሃል። ቱቦ ውስጥ ብቻዬን አልገባም። ከመግባቴ በፊት አየሩ በመለኪያ ይለካል፣ ወንዙ የሚመጣበት ሰማይም ይታያል፤ እኛ ጋ ፀሐይ ሆኖ እላይ የዘነበ ዝናብ ሰው ጠራርጎ ይሄዳልና። አንድ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ገመዴን ይይዛል። እኔም ሰውዬው ትቶኝ ሄዶ እንዳይሆን እያልኩ ገመዱን በየደቂቃው ጎተት አደርገዋለሁ። በዚህ የተነሣ ሠራተኞቹ "እሜቴ ጥርጣሬ" ብለው ስም አውጥተውልኛል። ልጅ ሆኜ እናንተ ያወጣችሁልኝ ስም ነው። ማን እንደነገራቸው እስካሁን አልደረስኩበትም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ከከተማው መግቢያ ላይ አንድ አሮጌ ድልድይ አለ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ሠራተኛ ጭነው የሚመላለሱ የፋብሪካ አውቶቡሶች፣ አሸዋ የጫኑ ገልባጭ መኪናዎች፣ በእግሩ የሚሄደው ሕዝብ ሁሉ በእሱ ላይ ያልፋል። እኔም ወደ ቤቴ የምገባው በእሱ ነው። ከዝናቡ ወራት በፊት መካከለኛው ምሰሶ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አየሁ። ስንጥቅ ሁሉ አያስፈራም፤ ባለበት የቆመ አለ፣ እየሄደ ያለም አለ፣ ሁለቱን ደግሞ በአንድ ቀን አይቶ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ስስ የመስኮት መስታወት ቁራጭ በስንጥቁ ላይ አጋድመን ሁለቱን ጫፍ በጠንካራ ሙጫ እንለጥፋለን፣ ቀኑንም እንጽፍበታለን። ምሰሶው ትንሽ ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ቀጭ ይላል። ቀጭ ካለ መንገዱ ይዘጋል። መስታወቱ የሚለጠፈው እንዲሰበር ነው፣ እታለም፤ ሌላ ሥራ የለውም።

ለጠፍኩት። ከመሰላሉ ስወርድ ሌላ ቦታ ሰው ይጠብቀኝ ስለነበር ለጥበቃው አንድ ሁለት ቃል ጣል አድርጌ ሄድኩ። ጥበቃው ከድልድዩ ሥር፣ ከዚያው ምሰሶ አጠገብ ውሃ በማይደርስበት ደረቅ ዳርቻ፣ ከዕቃ ማስቀመጫው ጎን ባለች ጠባብ ክፍል የሚኖሩ፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው ሰው ናቸው።

በወሩ ስመለስ መስታወቱ ደህና ነበር። በሁለተኛው ወርም ደህና ነበር፤ ግን ሆዴ ጠረጠረ። ሙጫው ነጣብኝ። የጻፍኩት ቀንም የኔ እጅ አልመስል አለኝ፤ ቁጥሮቹ ተንጋደዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስንጥቁ የሰፋ መሰለኝ። ስንጥቁ ሰፍቶ መስታወቱ እንዴት ሙሉ ይሆናል? ለአለቃችን ስነግረው ከወረቀቱ ቀና ሳይል "መስታወቱ ሳይሰበር በአንቺ ሆድ መንገድ አልዘጋም" አለኝ። እሱንም ጠረጠርኩት። መንገዱ ቢዘጋ ሥራቸው የሚስተጓጎልባቸውን የአሸዋ ሾፌሮችም ጠረጠርኳቸው። ያን ሰሞን ያልጠረጠርኩት ሰው ቢኖር አንቺን ብቻ ነው፤ አንቺም ሩቅ ስለሆንሽ ነው።

ከሁሉ አብልጬ የጠረጠርኩት ግን የጥገናውን ፎርማን ነው። ሲሚንቶ እንለዋለን። ስንጥቅ ካየ እጁን ያሳክከዋል፣ ካልለሰነው አያርፍም። ምክንያቱ ሳይታወቅ የተለሰነ ስንጥቅ ማለት የተደበቀ በሽታ ነው እያልኩ ስለምከራከረው ሆድና ጀርባ ከሆንን ቆይተናል። መሰላሉ በእጁ ነው፣ ሙጫው በእጁ ነው። በመጣሁ ቁጥርም "ዛሬም መስታወትሽን ልትሳለሚ መጣሽ?" እያለ ይስቅብኛል። ያቺ ሳቅ እንቅልፍ ነሳችኝ።

ስለዚህ ወጥመድ አዘጋጀሁ። ለማንም ሳልናገር በመስታወቱ የላይኛው ጠርዝ፣ ከታች ሆኖ ለሚያይ በማይታይበት በኩል፣ የጥፍር ቀለም ነካ አደረግሁበት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ተራዬ ሳይሆን፣ በቀትር ከተፍ አልኩ። መሰላሉን ለአንድ ሠራተኛ አስይዤ ወጣሁ። መስታወቱ ሙሉ ነው። ቀለሙ የለም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርሽ። መስታወቱ ተቀይሯል ማለት የቀድሞው ተሰብሯል ማለት ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ መንገዱን ማስዘጋት ነበር። እኔ ግን ጥፋተኛዬን ልይዝ ሮጥኩ። ሠራተኞቹ ጥላ ሥር ሻይ ይጠጣሉ። ከሲሚንቶ ፊት ቆሜ "ስንጥቁን በልስን መሸፈን ስከለክልህ በመስታወት መሸፈን ጀመርክ አይደል?" አልኩት፤ ከዚያም በኋላ ልጽፈው የማይገባኝን ብዙ ጨመርኩበት። ሲሚንቶ ስኒውን አስቀመጠ። ሄልሜቱን አውልቆ እግሬ ሥር አኖረው። "በስንጥቅ እንከራከር፤ በሰው ነፍስ ግን እኔን አትጠርጥሪኝ" አለና ወደ መንገዱ ወጣ። ከሠራተኞቹ አንድም ቀና ብሎ ያየኝ የለም። እኔም ትወናውን አሳምሮታል ብዬ በሆዴ ጠረጠርኩ፤ አይገርምሽም?

ከዚያ አባባ ከክፍላቸው ወጡ። አንድ የብስኩት ቆርቆሮ በሁለት እጃቸው ታቅፈዋል። "ተይው ልጄ፣ እሱ የለበትም። እኔ ነኝ" አሉ።

ቆርቆሮውን ሲከፍቱት ውስጡ ሦስት ትንንሽ ጥቅሎች ነበሩ። በእያንዳንዱ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አለ። የጠቀለሉበት ወረቀት ደግሞ ከግድግዳቸው የቀን መቁጠሪያ የተቀደደ ቅጠል ነው፤ እያንዳንዱን በተሰበረበት ቀን ቅጠል ጠቅልለው አስቀምጠውታል። "አንድ ቀን ብትጠይቂኝ ሰርቆ ሸጠው እንዳትዪኝ ብዬ ነው" አሉኝ። የሚተኩትን መስታወት ከየት እንዳመጡት ስጠይቃቸው ወደ ክፍላቸው ጠቆሙኝ። መስኮታቸው በካርቶን ተደፍኗል። የገዛ መስኮታቸውን መስታወት እየቆረጡ፣ የኔን ቁጥር እያስመሰሉ፣ በዚያ ዕድሜያቸው መሰላል የሚይዝላቸው ሰው እንኳ ሳይኖር ሦስት ጊዜ ወጥተው ለጥፈውታል።

"ምነው አባባ፣ ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው። "ፈራሁሽ" አሉኝ። "ይህ መስታወት ቢሰበር ከራስዎ አልወርድም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?"

ብዬ ነበር፣ እታለም። ያን ዕለት ከመሰላሉ ወርጄ ጣል አድርጌው የሄድኩት ቃል ይኸው ነበር። እኔ ሰው በድንጋይ እንዳይመታው ማለቴ ነው። እሳቸው ደግሞ ውድ የመሥሪያ ቤት ዕቃ ነው፣ ከተሰበረ ከሥራዬ እባረራለሁ ብለው ያዙት። ምን እንደሆነና ለምን እንደተለጠፈ አንዲት ቃል አልነገርኳቸውም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መሬቱ ግን የሚከፈትበት ሌላ ጉዳይ ነበረው። ቅጠሎቹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ቆጠርኩ። የመጀመሪያው መስታወት ከለጠፍኩት በአርባ አንድ ቀኑ ተሰብሯል። ሁለተኛው በሃያ ሁለት ቀኑ። ሦስተኛው በስምንት ቀኑ። የሦስተኛው ቅጠል የትናንት ነበር።

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ሠራተኞቹ ሻያቸውን ጥለው ግማሾቹ ወደዚህኛው፣ ግማሾቹ በታችኛው የእግረኛ መሻገሪያ ዞረው ወደዚያኛው ጫፍ ሮጡ፤ ገመድ ተወጠረ፣ በርሜል ተደረደረ። የፋብሪካው አውቶቡስ የከሰዓት ተረኞችን ጭኖ ሊገባ ሲል ፊቱ ቆምኩ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ "ትናንት አልፌበት የለ፣ ዛሬ ምን ሆነ?" ብሎ ጮኸብኝ። ተሳፋሪዎቹ ሴቶች ግን ፊቴን አይተው አንድ በአንድ ወረዱ። አለቃችን ሊቆጣኝ በርሮ መጣ። አልተከራከርኩትም፤ ሦስቱን ቅጠሎች በመኪናው ግንባር ላይ ደረደርኩለት። በጣቱ ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ፣ ከዚያ ራሱ ስልኩን አውጥቶ ድልድዩ ለእግረኛም ጭምር ይዘጋ አለ።

ውሃው ጎደል ሲል የምሰሶውን እግር ልናይ ወረድን። ገመዴን ማን ይያዝ ሲባል ሲሚንቶ መጣ። ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄው ነበር፤ "ይሁን" ብቻ ብሎኛል፣ ያቺ "ይሁን" ደግሞ ምን እንዳዘለች ገና እያጠናኋት ነው። ውሃው ውስጥ ሆኜ ለልማዴ ገመዱን አንዴ ጎተት አደረግሁት። እሱም መልሶ ሁለቴ ጎተተኝ። ለመፈተሽ የያዝኩትን ረጅም ብረት ከምሰሶው መሠረት ሥር ስሰደው ድንጋይ ሊያገኝ የሚገባው ቦታ ላይ ምንም አላገኘም፤ ክንዴ እስከ ብብቴ ድረስ ተከትሎት ገባ። ወንዙ ከሥር በልቶት ኖሯል። ምሰሶው የቆመው በግማሽ እግሩ ነበር።

ከዚያ ለመሥሪያ ቤቱ የሚሞላው ቅጽ ነገር መጣ። "ምልክቱን ያበላሸው ሰው" የሚል ቦታ አለው። አለቃችን "ጥበቃው ብለሽ ጻፊና ፈርሚ፣ እሳቸውም በዕድሜያቸው ይረፉ" አለኝ። የሚያርፉበት ሌላ ቤት እንደሌላቸው ያውቃል። እኔ የራሴን ስም ጻፍኩበት። ምልክቱ ምን እንደሆነ ሳላስረዳ አስፈራርቼ የሄድኩት እኔ ነኝ፣ ድልድዩን ያተረፉት ጥበቃው ያስቀመጧቸው ስብርባሪዎች ናቸው ብዬ ፈረምኩ። አባባ በሥራቸው ላይ ናቸው፤ ክፍላቸውንም ከምሰሶው አርቀን መንገዱ ዳር አድርገንላቸዋል፣ መስኮቱንም ሲሚንቶ ገጥሞላቸዋል። እኔ ጉዳዬ እስኪታይ ድልድይ እንዳላይ ታግጄ ቢሮ ቁጭ ብያለሁ። ምናልባት ይመልሱኛል፣ ምናልባት አይመልሱኝም።

እሱ አይደለም አንጀቴን የሚበላኝ። መስታወቱ ለምን እንደተለጠፈ በመጨረሻ ሳስረዳቸው "ይህን ብትነግሪኝ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ሮጬ እመጣልሽ ነበር" አሉኝ። የሚተኙት ከዚያ ምሰሶ ሥር ነበር። ስንጥቁን በየቀኑ ያዩታል፣ ሲሰፋም አይተዋል። ከድልድዩ ይልቅ የፈሩት እኔን ነው። አገር ምድሩን ስጠረጥር ሰው እኔን ይፈራል ብዬ አንድ ቀን እንኳ ጠርጥሬ አላውቅም።

እማዬን በሁለት ጉንጮቿ ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ እግሩን ከፍ አድርጎ ይተኛ በዪልኝ። ለትልቋ ልጅሽ የላከችልኝ ሥዕል ደርሶኛል፣ አልጋዬ ራስጌ ሰቅዬዋለሁ በዪያት። መንታዎቹን እኩል ሳሚልኝ፤ አንዱን ብታስበልጪ እንደሚነግሩኝ እወቂ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ፣ ሁልጊዜ በስልክ "ሁሉም ሰላም ነው" እያለች ለምታቀብለኝ፣ ሰላምታዬን አድርሽልኝ።

እታለም፣ አሁን ጥርጣሬ አይደለም፣ ጥያቄ ነው። እማዬም ሆነች አንቺ፣ ከእኔ አፍ ፈርታችሁ፣ ደህና ነው እያላችሁ የደበቃችሁኝ ነገር ካለ ጻፉልኝ። አልቆጣም። ብቆጣም ጻፉልኝ።

ታናሽ እህትሽ

ከተዘጋው ድልድይ ማዶ፣ ከተከራየኋት ክፍል
ሐሙስ፣ መስከረም 24 ቀን