ከመሪው ላይ የምትነሳው ጣት

ልጄ ማርሊስ፣ እግዚአብሔር በሰው አገር ከክፉ ይሰውርሽ፤ ብርዱም ይራራልሽ። እኛ ደህና ነን። በቆሎው ተሰብስቧል፤ አባትሽም ጉልበቱ ተሽሎታል። የእኔ መኪና ግን መስቀለኛው መንገድ ላይ ከጎረቤታችን ከቨርጂል መኪና ጋር ተጋጭታ በሯ ተጨረማመተ። ሰው አልተጎዳም።

ፖሊሱ "ቅድሚያ አልሰጠሽም" ብሎ ቀጣኝ። እኔ እልኸኛዋ ፍርድ ቤት ሄጄ "ቨርጂል ጣቱን አንስቶ እለፊ ብሎኛል" ብዬ ተከራከርኩ። ዳኛዋ ጠየቀችው። ባርኔጣውን እያሻሸ፣ "ክብርት ዳኛ፣ እኔ ለመንገደኛ ሁሉ ጣቴን ከመሪው ላይ አነሳለሁ። ዛሬ ጠዋት ለእርስዎም አንስቻለሁ። ሰላምታ ነው፤ ሎርናም ታውቃለች" አላት። ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

እውነቱን ነው፣ አውቃለሁ። እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁ ሴትዮ የጎረቤቴን ሰላምታ ማምለጫ አደረግኩት። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

አሁን መንገድ ላይ ስንተላለፍ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ያልፋል። የተቀየመኝ አይመስለኝም፤ ፈርቶኝ ነው።

አምላክ በሰላም ያገናኘን። ለገና ስትመጪ መኪናዋን አንቺ ንጂልኝ፤ እኔ አጠገብሽ ልቀመጥ። ለአንቺ ጣቱን ማንሳቱ አይቀርም፤ እኔም በአንቺ አሳብቤ ሰላምታውን አገኛለሁ።

እናትሽ ሎርና