በአፍንጫ ብቻ

መቀሌ፣ 1929 ዓ.ም.

ሰኞ፣ ግንቦት 2
ዛሬም እንደ ትናንቱ። ከጨው ክምሩ ጀርባ ተኛሁ፣ ተነሣሁ፣ ዘኪያ የሠራችውን ሽሮ በላሁ። ፊደል የቆጠረ ሁሉ በጣልያን እየተለቀመ ነው ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ከሸዋ የመጣሁ አስተማሪ። ባሏ ጨው ነጋዴው ይማም "ቤቴ ሳለህ ማንም አይነካህም" ብሎኛል። ወሎዬ ቃሉን አያጥፍም።
ጎን ያለችው ክፍል ተከራየች። ማን ይሆን?

ረቡዕ፣ ግንቦት 4
ታወቀ። ኢስሃቅ ይባላል፤ ለጣልያን ያደረ ወታደር። በመካከላችን አንድ ግድግዳ!
ጠዋት ዘኪያን "ባልሽ እንዴት ያንኮራፋል!" ብሏት ስቋል። ያንኮራፋሁት እኔ ነኝ! ይማም እኮ ጨው ሊገዛ አጽቢ ከወጣ ሁለተኛ ቀኑ ነው... አለመኖሩን ቢደርስበትስ? ሦስታችንም በአንድ ገመድ እንሰቀላለን።

ዓርብ፣ ግንቦት 6
እንቅልፍ ጠላት ሆነብኝ። ዐይኔ ሲከደን ራሴን እቆነጥጣለሁ።
ዘኪያ መላ አመጣች። "አያ ፈንታሁን፣ አፍዎን ከፍተው እኮ ነው የሚተኙ። በአፍንጫዎ ይተንፍሱ፣ ወላሂ ዝም ይላሉ።" ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። ሳሸተው ተደፍኖ የከረመው አፍንጫዬ ተከፈተ። ከዚያ አገጬን ከአናቴ ጋር በሻሽ ጥፍር አደረገችው።
"ይሄማ የሬሳ ነው!"
"አብሽር፤ ሬሳ ከመሆን ሬሳ መምሰል ይሻላል።"
ሳቅኩ። መንጋጋ ታስሮ መሳቅ ለካ ያማል።

እሑድ፣ ግንቦት 8
ታፍኜ ባነንኩ። የቀበሩኝ መሰለኝ... ሻሹን ልበጥሰው ምንም አልቀረኝም። እንደምንም በአፍንጫዬ ሳብ፣ ለቀቅ... እንቅልፍ መልሶ ወሰደኝ።
ኢስሃቅ ስለ ማንኮራፋት አላነሣም። አፌ አልደረቀም፣ ራሴም አልከበደኝ። ከየካቲቱ እልቂት ወዲህ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም።
ይማም በሰላም ገባ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 12
ቀትር ላይ ሻሹ እንደታሰረ አሸለበኝ። ይማም ገበያ፣ ዘኪያ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ። ኢስሃቅ እሳት ሊጭር ገባ። ከክምሩ ጀርባ እግሬን አይቶ ኖሯል። ዐይኔን ልገልጥ ስል ድምፁን ሰማሁ። "እዋይ! ኢና ሊላሂ..." የታሰረ አገጬን አይቶ ሞቷል ብሏል። ቀረበ። ጋቢዬን ወደ ላይ ስቦ ፊቴን ሸፈነው። ቀስ አድርጎ፣ ለወንድሙ እንደሚያደርግ።
ከጋቢው ሥር በአፍንጫ ብቻ... በቀጭኑ... ጨርቁ እንዳይነሣ። ልቤስ? ይሰማው ይሆን?
ዘኪያ ገባች። እንስራው ሲሰበር ሰማሁ፣ ከዚያ ጩኸቷን። የማስመሰል አልነበረም። ሻሹ አፍኖ የገደለኝ መስሏታል።
"መን እዩ? ማነው? ምንሽ ነው?" አላት ኢስሃቅ።
"ወንድሜ... ከወሎ የመጣ... ተስቦ..."
ተስቦ የሚለውን ሲሰማ እግሬ አውጪኝ አለ። ጋቢውን ገለጠች፣ ዐይኔን ገለጥኩላት። አፏን በእጇ ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ዓርብ፣ ግንቦት 13
ትናንት ሳይጨልም ተቀበርኩ። ይማም በእኔ ምትክ አሞሌ ጨው በገለባ ሸፍኖ ከፈነ፤ የሚያምናቸው የአገሩ ሰዎች ተሸከሙት። ኢስሃቅም ከሩቅ ተከትሎ ኖሮ አፈር አለበሰኝ አሉ። ዛሬ ደግሞ ስኳር ይዞ ለቅሶ ደረሰ። ልጠላው ፈለግኩ፣ አቃተኝ።
አሁን ግን የባሰ መጣ። ሕያው ሰው ቢያንኮራፋ ይስቁበታል። የተቀበረ ሰው ቢያንኮራፋስ?

ረቡዕ፣ ሰኔ 9
ሻሹን ከተውኩት ሰነበትኩ። አፌ ራሱ ይዘጋል። ፍርሃቱ የቀን ሆነ እንጂ፣ ስተኛስ እንደ ሕፃን ነው።
ዘኪያ ግን ከስታለች። ይማምን ጠየቅኩት።
"እንቅልፍ የላትም። ድሮ ድምፅህን ነበር የምትፈራው። አሁን ዝምታህን ፈራች።"
ሌሊት እየተነሣች፣ ትንፋሼ እስኪነካት ድረስ እጇን ከአፍንጫዬ ሥር ትይዛለች አለኝ። እኔ አንድም ቀን አልነቃሁ።
ትናንት ሆን ብዬ ሳልተኛ ጠበቅኳት። እጇ ቀረበ። አፌን እንደገጠምኩ ጠንከር አድርጌ ተነፈስኩላት። ሄዳ ተኛች።