ጥሩዬ የላከችልህ መድኃኒት

ካሳዬ፣ አፈር ውስጥ ሆነህም የምቀናብህ ባሌ፣

ከተለያየን ዓመት አለፈ። ተዝካርህን አውጥተናል። ልጃችን ሰናይት ኮሌጅ ጨርሳ ንፋስ መውጫ ተመልሳለች፤ ገብሱን ዘንድሮ ወንድምህ አረሰልን። እኔም ደህና ነኝ፤ ብቻ አብሮ አደግህን ጥሩዬን ዛሬም አልወዳትም። በተዝካርህ ቀን ደብረ ታቦር ያለውን መድኃኒት ቤቷን ዘግታ መጥታ ከእኔ በላይ አለቀሰች። ሰዉ ሁሉ እኔን ትቶ እሷን ሲያጽናና ዋለ።

ከመምህርነት ጡረታ የወጣህ ሰሞን ጭንቀት ይዞህ እንቅልፍ አጥተህ እንደነበር ታስታውሳለህ። ያኔ ነው ያንን የክኒን ብልቃጥ የላከችልህ። አንቲኦክሲዳንት ነው፣ ጭንቀት የጎዳውን ሰውነት ይጠግናል ብላ በስልክ አስረዳችህ። ብዙም ሳይቆይ ፊትህ ተመለሰ፤ ሰው ሲጠይቅህም ጥሩዬን ታመሰግን ነበር። እኔ እርር ድብን አልኩ። አመሻሽ ላይ ገብስ ማሳው ድረስ ይዤህ መውጣት የጀመርኩት ለጤናህ መስሎህ ነበር፤ ከእሷ ስልክ ልለይህ ነበር እኮ! አንተ አረም እየነቀልህ፣ ያስተማርሃቸውን ልጆች ጥፋት እያነሳህ ትስቃለህ። እኔ ስልኩ እንዳይጮህ እጸልያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሰናይት ሳጥንህን ስታጸዳ ብልቃጡን አገኘችው። ክዳኑ እንኳ አልተነካም። ጽሑፉን አንብባ ዛጎል ካለው የባሕር እንስሳ የተሠራ ነው አለችኝ። ያኔ ገባኝ። ቤተ ልሔም ገዳም ድቁና የተማርህ ሰው፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት በክኒን መልክም ቢሆን አትውጥም። ይሉኝታህን አውቃለሁና፣ የላከችውንም መመለስ አልቻልህም።

መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ጥሩዬ አላዳነችህም! ቆይቶ ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። መድኃኒቱን ካልዋጥህ ታዲያ ምን አረጋጋህ? ከእሷ ጋር በስልክ ያወራኸው ነው ወይስ ከእኔ ጋር የሄድኸው? መድኃኒቱ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ በብልቃጥ መቅናት ይቀላል። ልጠይቃት ስልክ አንስቼ ተውኩት። እውነቱን ብትነግረኝስ?

ስለዚህ እኔው ፈርጃለሁ፤ ያረጋጋሁህ እኔ ነኝ። በሕይወት እስካለሁ የማስታውስህ በማሳው ዳር አብረኸኝ እየሳቅህ ስትሄድ ነው። ተሳስቼ ከሆነ ስመጣ ትነግረኛለህ። እሷ ቀድማኝ ከመጣች ግን አደራህን፣ እስክደርስ ድረስ ምንም አታውራት።

ሚስትህ ዘውዴ