ለከርከሮ የመረጥኩልህ መነጽር

ለታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህን ተሻለህ? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ እንዳልልህ ውሸት ይሆንብኛል። ትናንት ከደወልክልኝ ወዲህ እህል አልቀመስኩም። ሕመም አይደለም፤ ንዴት ነው። መልሼ እንዳልደውልልህ ጩኸቴ ይቀድመኛል፤ ስለዚህ ጻፍኩ።

ከርከሮ በቆሎዬን ጨረሰብኝና ለአባባ ጠመንጃ መነጽር ላኪልኝ ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን የአደን መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ስሠራ፣ ከቤተሰቡ ሙያዬን ከቁም ነገር የቆጠረልኝ የለማ። እኛ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው ምን ልትመታበት ነው ብለን ነው። ከመነጽሩ ውስጥ የምትታየው የማነጣጠሪያ መስቀል የምትመረጠው በዚያ ነው። ከርከሮ ሲመሽ ይመጣል፤ ጥቁር ነው፣ ከቅርብ ነው፣ ይሮጣል። ቀጭን መስመር ጥቁር ገላ ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ወፍራም መስቀል፣ መሃሉ ላይ በባትሪ የምትበራ ቀይ ነጥብ ያለበትን መርጬ በገዛ እጄ ጠቅልዬ ላክሁልህ።

ትናንት ደውለህ ተቆጣኸኝ። የላክሽልኝ ለዓይነ ስውር የሚሆን ነው አልከኝ። እንደ ፀጉር የቀጠነ መስቀል፣ ከሥሩ ርቀት መለኪያ ጭረት የተደረደረበት ለውጠሽ ላኪ አልክ። እሱማ በቀን ብርሃን፣ ርቆ ለቆመ ነገር ነው ብዬ ላስረዳህ ስል አቋረጥከኝ።

«ይሄ መስቀልሽ በሩን እንዳለ ሸፈነብኝ፤ ምኑን ልየው?»

ከርከሮ ከመቼ ወዲህ ነው በር ያለው?

ከዚያ ስለ ልጆቹ ትምህርት ማውራት ጀመርክ፤ አልሸሹም ዞር አሉ። ሞኝህን ፈልግ። ከበቆሎህ ዳር ቆሞ ለሚያይ ከሸለቆው ማዶ ያለው በር አንድ ብቻ ነው። ሰማያዊ ቀለም የቀባነውም እኔና አንተ ነን። ፍርድ ቤት የተካሰሳችሁበትን የውሃ ምንጭ ለባለበሩ ከወሰነለት ወዲህ ስሙን አትጠራም፤ «ያ ሰውዬ» ነው የምትለው። ያ ሰውዬ እናታችን ስትታመም አዝለህ ያሳደግኸው ታናሻችን ነው። ለአንድ ምንጭ? ተናደድኩብህ ብል ያንስብኛል፤ አፈርኩብህ። ደግሞ እኔን መጠቀሚያ ልታደርገኝ። የምኮራበትን ሙያዬን ለዚህ ልታውለው። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት።

ቀጭኑን አልክልህም። ከሌላ ሱቅ ልትገዛ እንደምትችልም አውቃለሁ። ለዚህ ነው ከአለቃዬ ዕረፍት የጠየቅሁት። እሁድ ማዶ እገባለሁ፤ የምሰነብተውም እዚያው ነው። የታናሻችን ባለቤት ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ማንም አልነገረህም መሰለኝ። እሷ አራስ ስለሆነች ጠዋት ጠዋት ሰማያዊውን በር ከፍቼ የምወጣው እኔ ነኝ፤ ሕፃኗን ፀሐይ አሞቃታለሁ።

ቂም ይዞ ጸሎት እንዳይሆንብኝ ንዴቴን እዚሁ ወረቀት ላይ ልተወው ብዬ ሞክሬ ነበር፤ አልተሳካልኝም። ቢሆንም ፈጣሪ ልብህን ያራራልህ፣ ቤትህን ሰላም ያድርግልህ። ልጆቹን ሳምልኝ።

የሁለታችሁም እህት